ለከባድ ጥያቄ የትኛውን ታሮት ልግዛ?

«ታሮት ልገዛ ነው፣ ለስላሳ የሆነ ጠቁሚኝ» የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። ታሮት ዕድል የሚነበብበት የሥዕል ካርታ ነው፤ ለስላሳ የሚሉት አስፈሪ ሥዕሎቹ የተለዘቡለትን ነው። ምን ልታነቡበት ነው ስላቸው መልሱ ያው ነው። ፍቺ። ሐዘን። የጨነገፈ ፅንስ። ለዓመታት ያላናገሩት አባት። የእኔም ምክር ያው ነው፣ ብዙ ሰው ባይወድልኝም፦ ለስላሳውን አትግዙ።

ከመቀጠሌ በፊት ሁለት ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ እናቴም በስልክ እንድረሳው አትፈቅድልኝም፣ ያንን ክርክር እዚህ አልከፍተውም። ደግሞ ካርድ ነገን ያውቃል ብዬ አላምንም። ለእኔ ካርዱ ሥዕል ነው። ሰው ስለ ራሱ በቀጥታ ማውራት ሲከብደው ስለ ሥዕሉ ያወራል፣ ስለ ሥዕሉ እያወራ ሳለ ሳይታወቀው ስለ ራሱ መናገር ይጀምራል፣ እኔም አዳምጣለሁ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ለንደን ውስጥ ለጓደኞቼና ለጓደኞቻቸው አነባለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልም። ስለዚህ ካርታ ስመርጥ (ካርታ የምለው ሙሉውን ጥቅል፣ ካርድ የምለው አንዱን ነው) የማየው ሥዕሉን ነው። ካርዶቹ አላቸው ስለሚባለው የመንፈስ ንዝረትና በጨረቃ ብርሃን ስለ ማጽዳታቸው የሚወራውን ለሚያምንበት ትቻለሁ።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ፦ ታሮት 78 ካርድ አለው። 22ቱ ትልልቆቹ ናቸው፤ ሞት፣ ፀሐይ፣ ግንብ፣ ፍቅረኞች የሚባሉት። 56ቱ ደግሞ እንደ መጫወቻ ካርታ በአራት ወገን ይከፈላሉ፦ በትር፣ ጽዋ፣ ሰይፍና ሳንቲም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሲጀመር መጫወቻ ነበር። ዕድል ማንበቢያ ሆኖ የገነነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ነው። ከግብጽ ካህናት የመጣ ነው የሚለውን ወሬ ኩር ደ ጌብላን የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1781 አሳተመው፤ ማስረጃ የለውም፣ ሻጮች ግን እስከ ዛሬ እንጀራቸውን ይጋግሩበታል።

ወደ ምርጫው እንምጣ። ስትገዙ ቆንጆዎቹን ካርዶች አትዩ። ሻጩ የሚያሳያችሁ እነሱን ነው፤ ኮከቡን፣ ፀሐይን፣ እቴጌዋን። እናንተ ግን ስምንት ካርድ አውጡልኝ በሉ፦ ሦስት ሰይፍ፣ ዘጠኝ ሰይፍ፣ አሥር ሰይፍ፣ አምስት ጽዋ፣ አምስት ሳንቲም፣ ሞት፣ ግንብ፣ ሰይጣን። በኢንተርኔት የምትገዙም ከሆነ የካርታውንና የካርዱን ስም ጽፋችሁ ብትፈልጉ ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ከዚያ ባለፈው ወር ወንድሟ የሞተባት ሴት ፊት ለፊታችሁ ተቀምጣለች እንበል። ይህን ካርድ ስትገልጡት ዓይኗ የት ላይ ያርፋል? የተጻፈ ነገር አለ? ምን ይላል?

የእኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚያረዳ ታውቃላችሁ። በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ነው። ካርታም እንዲሁ ይለያያል። በር ላይ ቆሞ መርዶውን የሚጮኽ ካርታ አለ። ጭራሽ ማንም አልሞተም ብሎ ሊያሳምን የሚሞክርም አለ። ሁለቱንም አልፈልግም።

እኔ የማነብበት ራይደር የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣ ነው፣ ራይደር የአሳታሚው ስም ነው፣ ሐሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። ለረጅም ዘመን ሲጠራ የኖረው የአሳታሚውና የዌይት ስም ብቻ ነበር። እሷ እ.ኤ.አ. በ1951 ኮርንዎል ውስጥ ስትሞት ዕዳዋን ለመክፈል ንብረቷ ተሸጠ። አሁን ብዙ ሰው ራይደር-ዌይት-ስሚዝ ይለዋል፣ ደግ አደረጉ። ካርታውን ለዚህ ሥራ ያበቃው የእሷ እጅ ነው። ከእሷ በፊት በአብዛኛው ካርታ ላይ አምስት ጽዋ ማለት የተደረደሩ አምስት ጽዋዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷ ግን በትንንሾቹ ካርዶችም ላይ ሰውና ታሪክ አስገባችባቸው።

አምስት ጽዋን ውሰዱ። ጥቁር ካባ የደረበ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተደፉ ሦስት ጽዋዎችን ያያል። ከኋላው ሁለት ጽዋዎች ቆመዋል፣ እሱ አላያቸውም። እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ይቸኩልና «አይዞሽ፣ ሁለቱ ቀርተውልሻል እኮ» ይላል። ልጇን የቀበረች ሴት ይህን መስማት አትፈልግም። ዝም በሉ። ሥዕሉ ራሱ ጊዜ ይሰጣታል፤ የሰውየው ፊት በደንብ አይታይም፣ ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፣ የሚያባብለውም የሚመክረውም ሰው አጠገቡ የለም። ቆይታ ቆይታ ራሷ «እነዚህ ከኋላ ያሉትስ?» ካለች ያኔ ትናገራላችሁ። ካላለችም ይቅር።

ዘጠኝ ሰይፍ ደግሞ ሌሊት አልጋው ላይ ተነስቶ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፣ ከኋላው ጨለማ ነው፣ ጨለማው ላይ ዘጠኝ ሰይፍ ተደርድሯል። ይህን ካርድ ማብራራት አስፈልጎኝ አያውቅም። እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ያውቀዋል። ደስ የሚለኝ ግን አንዱም ሰይፍ ሰውየውን አልወጋውም፣ የለበሰው አልጋ ልብስ ላይ ደግሞ ጽጌረዳ አለ። ስሚዝ ሕመሙን አልደበቀችም፣ አላጋነነችውምም።

ሦስት ሰይፍ በስም ያስፈራል እንጂ ለማንበብ ቀላል ነው። ቀይ ልብ፣ የወጉት ሦስት ሰይፎች፣ ደመናና ዝናብ። ሰው የለበትም። ሰው ስለሌለበት ሁሉም «ይሄማ የኔ ነው» ይላል፣ የተከዳውም፣ ሐዘንተኛውም። ይህ ልብ ሶላ ቡስካ ከሚባል የ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ካርታ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የዚያ ካርታ ፎቶግራፎች እ.ኤ.አ. በ1907 ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ለዕይታ ቀርበው ስለነበር እዚያ አይታው ይሆናል ይባላል።

አሥር ሰይፍ ላይ ግን ከራይደር ጋር እንጣላለን። ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አሥር ሰይፍ ጀርባው ላይ ተተክሏል። ከአድማሱ ሥር ቢጫ ብርሃን ይታያል፣ መጽሐፉ ሁሉ «ንጋት ነው» ይላችኋል። ቤተሰቡ በጦርነት ለተገደለበት ሰው ንጋቱ አይታየውም፣ የሚያየው ጀርባውን ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይህን ካርታ አላወጣም። ሌላ አለኝ፣ እመጣበታለሁ። አንዳንድ አንባቢዎች አስፈሪዎቹን ካርዶች ቀድመው አውጥተው ኪሳቸው ይከቱና በቀረው ያነባሉ። ሰውየው በሙሉ ካርታ የተነበበለት ይመስለዋል። ይህ አይዋጥልኝም። የምታወጡ ከሆነ አውጥቻለሁ በሉት።

ሞትም አለ። ጥሩር የለበሰ አጽም፣ ነጭ ፈረስ፣ የወደቀ ንጉሥ፣ እጁን አጣምሮ የሚለምን ጳጳስ፣ አበባ የያዘ ሕፃን። «ሞት ካርድ ሞት ማለት አይደለም፣ ለውጥ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም ሸምድደናል። ሥራ ልቀይር ወይ ለሚል ሰው ይሠራል። ከቀብር ለመጣ ሰው ግን ሞትማ ሞት ነው፣ ምን ለውጥ አለው! እኔ «እንግዲህ እሱም መጣ» እላለሁ እንጂ ላስተባብል አልሞክርም። የሥዕሉ ጥሩ ነገር ንጉሡም ጳጳሱም ሕፃኑም እኩል ፊቱ መገኘታቸው ነው። ሰው ራሱን እየወቀሰ ከመጣ፣ ቀድሜ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ እያለ፣ ይህ ካርድ ከአንድ ሙሉ ምክር ይበልጣል።

አሁን ደግሞ የካርታ ግምገማ የሚጽፉ ሰዎች ብዙም የማያነሱት ነገር። ሁሉም ሰይፉን ይፈራል። ልጅ ፈልጋ ያጣች ሴትን የሚያቆስላት ግን ደስተኛው ካርድ ነው። እቴጌዋ ሮማን የተሣለበት ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ትራስ ላይ ተደግፋለች፣ ብዙ አንባቢ ነፍሰ ጡር ያደርጋታል። ፀሐይ ላይ ራቁቱን ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሕፃን አለ። አሥር ጽዋ ላይ ባልና ሚስት ከቀስተ ደመና ሥር ተቃቅፈው ሁለት ልጆች አጠገባቸው ይጨፍራሉ። እንደዚህ ዓይነት ካርድ ሲወጣ «ልጅ ይታየኛል» የሚል አንባቢ ካርታውን ቢቀማ ደስ ይለኛል። የለስላሳ ካርታዎች ችግርም እዚህ ነው። ሰይፉን ስለሚያለዝቡ ደህና ይመስላሉ፣ ግን በእናትና በሕፃን፣ በተቃቀፉ ጥንዶች የተሞሉ ናቸው። ለአንዷ የሚያጽናና ለሌላዋ ቢላ ነው።

ስድስት ሰይፍም ለእኛ ሰው ለብቻው መነገር አለበት። ጀልባ ነው። ሴት ሻርፕ ተከናንባ ተኮማትራ ተቀምጣለች፣ ልጅ አጠገቧ፣ ቀዛፊው ከኋላቸው፣ ሰይፎቹ ጀልባው ላይ ተተክለዋል። እንግሊዞቹ «ወደ ረጋ ውኃ መሻገር» ብለው በደስታ ያልፉታል። በሊቢያ በኩል ሜዲትራኒያንን ለተሻገረ ልጅ ግን ምሳሌ አይደለም፣ ያየው ነገር ነው። ሲወጣ ፊቱን አያለሁ፣ ልክደነው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፣ አዎ ካለ እከድነዋለሁ። ምክንያቱን አልጠይቅም።

የትኛውን የራይደር እትም? ብዙዎቹን የሚያሳትመው ዩ.ኤስ. ጌምስ ሲስተምስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ተራው እትም ቀለሙ ይጮኻል፣ ቢጫው ቢጫ ነው፣ ሰማያዊው ሰማያዊ። ሬዲየንት የሚባለው ይብሳል፣ ለእኔ ካርቱን ነው። ዩኒቨርሳል ዌይት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1990 በሜሪ ሃንሰን-ሮበርትስ እንደገና ቀለም የተቀባ ነው፣ እርሳስ እርሳስ የሚል ለስለስ ያለ ቀለም አለው፣ መጥፎ አይደለም። የምመክረው ግን ስሚዝ-ዌይት ሴንተኒያል የሚባለውን ነው። የ1909ኙን የደበዘዘ ቀለም መልሶ ያመጣ ነው፤ ሰማዩ ግራጫ፣ ቀዩ የበሰለ ቀይ። የሚያለቅስ ሰው ፊት ሲዘረጋ ዓይን አይወጋም። መጠኑም የተለመደው ነው፣ ለእጅ አይከብድም፣ ስትበውዙት አያስቸግርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ውስጡ ያለውን ትንሽ መጽሐፍ ሰው ፊት አታውጡት። ትርጉሞቹ የዌይት ናቸው፣ የመቶ ዓመት ዕድሜ አላቸው፣ ርኅራኄ የላቸውም። የሰይፍ ንግሥት ሥር ምን ተጽፏል መሰላችሁ? መበለትነት፣ የሴት ሐዘን፣ መካንነት፣ ለቅሶ፣ እጦት፣ መለያየት። እንዲሁ እንደ ወረደ ተደርድሯል። ባሏን የፈታች ሴት «እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል» ብላ እጇን ብትዘረጋ እግዜር ይሁናችሁ። ቤት ተዉት።

ወደ ሌሎቹ። ቶት የሚባለውን አሌይስተር ክሮውሊ አስቦት ፍሪዳ ሃሪስ እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1943 ሣለችው። ሥዕሉ ያስደነግጣል፣ በውበት ማለቴ ነው። ለብቻዬ ስሆን አወጣዋለሁ። ለሰው ግን በጭራሽ፣ ምክንያቱም ትንንሾቹ ካርዶች ላይ ቃል ታትሞባቸዋል። ሦስት ሰይፍ ላይ ሐዘን፣ ዘጠኝ ላይ ጭካኔ፣ አሥር ላይ ጥፋት ይላል፤ ሰባት ሳንቲም ላይ ደግሞ ውድቀት። እናንተ አፋችሁን ሳትከፍቱ ካርዱ ፈርዶ ጨርሷል። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ይተርፋል ካላችሁ፣ ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ።

በተቃራኒው በኩል የመላእክት ታሮት አለ፣ ዶሪን ቨርቹና ራድሊ ቫለንታይን ያወጡት። እዚህ ሞት የለም፣ ስሙ ተቀይሮ «መልቀቅ» ሆኗል። ሰይጣን «ኢጎ»፣ እኔነት እንደማለት፣ ሆኗል። ግንብ «የሕይወት ተሞክሮ» ተብሏል። የሕይወት ተሞክሮ! ቤቷ በላይዋ ላይ ለፈረሰ ሴት! ለስላሳውን አትግዙ ያልኳችሁ ይህን ዓይነቱን ነው። ሐዘንተኛ ሰው ሲዋሽ ይገባዋል፣ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል። (ቨርቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ክርስትናን ተቀብላ ካርዶቿን ሁሉ በአደባባይ ክዳለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን ደስ ብሏት ነበር።)

ለእውነት ለመናገር የሰይጣን ስም አንዳንዴ ችግር ነው። ቤተ ክርስቲያን ያደገች ልጅ ካርድ ሊነበብላት ስትመጣ ግማሽ ልቧ ቀድሞውኑ ንስሐ ገብቷል፣ ያ ካርድ ሲወጣ ወንበሩን ትታ ትነሳለች። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት አላነብም። ቡና እንጠጣለን፣ እንጫወታለን፣ በቂ ነው።

ዋይልድ አንኖውን የኪም ክራንስ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ራሷ አሳተመችው። ሰው የለበትም። እንስሳት፣ ዛፎች፣ ጥቁር መስመሮች፣ አልፎ አልፎ ቀለም። ለፍቺ በጣም ጥሩ ነው፣ የተቃቀፈ ጥንድ ሰው አያሳይባችሁም። የሰው መልክ ስለሌለም «ሁሉም ነጭ ነው» የሚለውን ቅሬታ ይገላግላል፣ ራይደር ላይ ይህ ቅሬታ ትክክል ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው። ንጉሥና ንግሥት በሚለው ቦታ አባት፣ እናት፣ ሴት ልጅ፣ ወንድ ልጅ ተብሎ ተጽፏል። እናቷ አዲስ አበባ ሞታ በወረቀት ምክንያት ለቀብር ያልደረሰች ልጅ ፊት «እናት» የሚል ካርድ መግለጥ ምን እንደሚመስል አስቡት። ለቤተሰብ ጥያቄ አላወጣውም።

ላይት ሲርስ ታሮት የክሪስ-አን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ የዘመኑ ሰዎች ያሉበት፣ ብርሃኑ የበዛ። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ካርድ የብርሃኑንም የጥላውንም ወገን ስለሚያወጣ ከመላእክቱ ይሻላል። ለተራ የፍቅር ጥያቄ፣ ለሥራ፣ ለጓደኛ ቅያሜ ይሆናል። ለቀብር አይሆንም፣ በጣም አምሮ ለብሶ ይመጣል።

ቅድም አሥር ሰይፍ ላይ ሌላ አለኝ፣ እመጣበታለሁ ያልኩት የማርሴይ ታሮት ነው። የፈረንሳዮቹ የድሮ ካርታ፣ ኒኮላ ኮንቬር በሚባል አታሚ ስም 1760 የሚል ቀን ያለበትን መሠረት ያደረጉ ብዙ እትሞች አሉ። እዚህ አሥር ሰይፍ አሥር ሰይፍ ብቻ ነው፤ ቅስት ሠርተው የተጠላለፉ መስመሮች ናቸው፣ በዳራቸው አበባና ቅጠል። የተገደለ የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ሰውየው ከራሱ የሚያመጣውን እንጂ ካርዱ የሚጭንበት ነገር የለም። 13ኛው ካርድ በአብዛኛው እትም ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለውም፣ ሞት ብለው አልጻፉበትም። ነገር ግን ሥዕሉ አጽም ነው፣ ማጭድ ይዞ፣ መሬቱ ላይ የተቆረጠ ጭንቅላትና እጅ ተበትኗል፣ ስለዚህ ከጦርነት ለመጣ ሰው 22ቱን ለይቼ አስቀምጣለሁ፣ መለየቴንም እነግረዋለሁ፣ በ56ቱ ብቻ እናወራለን። ጉዳቱ ለጀማሪ መክበዱ ነው። ሥዕል የሚረዳችሁ ስለሌለ ቁጥሩንና ወገኑን በልባችሁ መያዝ አለባችሁ። ራይደርን በደንብ ሳታውቁ ወደዚህ አትዝለሉ።

የትኛውንም ብትገዙ የማላነብባቸው ጥያቄዎች አሉ። ሕመሙ ይድናል ወይ፣ ፅንሱ ይቆያል ወይ፣ ሞቷል ወይስ አለ። ለእነዚህ የሚሆን ካርታ አልተሠራም። ሰው መኖር አልፈልግም ካለ ደግሞ ካርዱ ወዲያው ይሰበሰባል፣ እኔ የምችለው ነገር አይደለም። እንግሊዝ ያላችሁ የጨነቀውን ሰው በስልክ የሚያዳምጠውን የሳማሪታንስን ድርጅት ስልክ፣ 116 123፣ ያዙ። ቀንም ሌሊትም በነፃ ነው።

የት ትገዛላችሁ? ለንደን ካላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየም አካባቢ ሙዚየም ስትሪት ላይ አትላንቲስ የሚባል መጽሐፍ ቤት አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ያለ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ስቶር ስትሪት ላይ ትሬድዌልስ አለ። ገብታችሁ ስምንቱን ካርድ ልይ በሉ፣ ማፈር የለም። ሴንተኒያሉ ውድ አይደለም፣ በ20ዎቹ ፓውንድ ውስጥ ነው።

በኢንተርኔት ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል። እኔም ከአንድ ሻጭ አንዱ ደርሶኛል፤ ዋጋው ከግማሽ በታች ነበር፣ ሲመጣ ካርዶቹ አንሰዋል፣ የዘጠኝ ሰይፉ ሰውዬ ፊት ደብዝዞ ጣቶቹ አይለዩም። ምልክቱ ቀላል ነው። መጽሐፍ የለውም፣ በመጽሐፉ ፋንታ ኪው አር ኮድ ያለበት ካርድ ይመጣል፣ ሳጥኑ ላይ የአሳታሚው ስም የለም ወይም ተጣሟል፣ ወረቀቱ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ከመጣላችሁ ፎቶ አንሱት፣ መልሱት፣ ገንዘባችሁንም ተቀበሉ።